የቴምብር ዋጋና የአሸተን ዳገት

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲሰናዳ ከታሪክ ክበብ አባሎች ይጠበቅ የነበረው ስለ ዛጔ ነገሥታት ወይም ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የሚናገር ጽሑፍ ነበር። እነዚህን ግን ከእኛ የሚበልጡ ሊቃውንት በሰፊው ጽፈዋቸዋል። እኛ የመረጥነው ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፣ በየቤቱ ግን የገባ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአገራችን ሰው ለሰው ቃል ሲልክ ማን እንዲከፍል፣ ስንትስ እንዲከፍል በመንግሥት የተደነገገው ሥርዓት ነው። ቴምብርንና የሕዝብ ስልክን የምናነሣውም ስለዚህ ነው።

ነገሩን የምንመለከተው ከአሸተን ማርያም ላይ ሆነን ነው። አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በገደሉ ራስ ላይ ከአለት የተፈለፈለች ገዳም ስትሆን አባቶች ታሪኳን ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ጋር አያይዘው ይተርካሉ። ከከተማው ተነሥቶ ወደ እርሷ የሚወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ይደክማል፤ ሽቅቡም ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተጻፈ የዋጋ ደንብ ይህን ዳገት ወጥቶ ሲደርስ ምን ይመስላል? የእኛ ጥያቄ ይህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቴምብር ከመምጣቱ በፊት ደብዳቤ ያለ ዋጋ ይሄድ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አልሄደም እንለዋለን። በዚያን ዘመን የመኳንንት መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጎ ይጓዝ ነበር። ይህን በትር የያዘ ሰው የጌታ ቃል እንደያዘ ስለሚታወቅ መንገድ ይለቀቅለታል። በደረሰበትም አገር ድርጎ ይወጣለታል። እንጀራውንና ጠላውን፣ በቅሎ ካለውም ለበቅሎው ገብሱን የሚያቀርበው የዚያ አገር ባላገር ነው። እንግዲህ ደብዳቤውን የላከው ገዢው፣ የተቀበለው ሌላው ገዢ፣ ዋጋውን የከፈለው ግን በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነበር፤ እርሱም ደብዳቤው ምን እንደሚል ከቶ አያውቅም።

ባላገሩ ራሱ ለሩቅ ዘመዱ ቃል መላክ ሲፈልግ ደግሞ ድርጎ የሚያወጣለት የለም። ለደብተራ ያስጽፋል፤ ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ ደሴ የሚወርድ ነጋዴ እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ከዚያም «አደራ» ብሎ ይሰጣል። አደራ ዋጋ የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ውለታ ነው፣ ውለታ ደግሞ ባለዕዳ ያደርጋል። ነጋዴ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው ሰው ዝም ብሎ ይቀራል።

ይህን ልማድ መለወጥ የጀመረው ትእዛዝ የወጣው መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በአገራቸው የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም የፈቀዱት በዚህ ዕለት ሲሆን ነገሩን እንዲያከናውኑ የታዘዙት የስዊስ ተወላጁ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሙሴ ሊዮን ሸፍኔ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ቁጥራቸው ሰባት፣ ዋጋቸውም ሩብ ግርሽ፣ ግማሽ ግርሽ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ ነው። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። ትልቁ፣ ማለት ባለ 16 ግርሹ፣ በቴምብሩ ሒሳብ አንድ ሙሉ የማርያ ትሬዛ ብር ያህል ነበር። አስቀድሞ ሥራ የጀመረው መሥመር ከአዲስ አበባ በሐረር በኩል ወደ ጅቡቲ ባሕር የሚወርደው ነው።

የቴምብር ሐሳብ ለዓለምም ቢሆን ያን ጊዜ ገና ስድሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። እስከ 1832 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ አገር ደብዳቤ የሚከፈልበት እንደ መንገዱ ርቀትና እንደ ወረቀቱ ብዛት ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ድኾች ይህን ሲያመልጡ በደብዳቤው ሽፋን ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር ይባላል። ተቀባይ ምልክቱን አይቶ ላኪው ደኅና መሆኑን ካወቀ በኋላ «አልፈልገውም» ብሎ ለፖስተኛው ይመልሰዋል፤ ሳንቲምም አይከፍል። ይህን ወሬ አንባቢ በልቡ እንዲያኖርልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና። ሮውላንድ ሂል የተባለው ሰው ያቀረበውና የተቀበሉት ሐሳብ ዋጋው በአገሩ ውስጥ ርቀት ሳይለይ አንድ እንዲሆንና ላኪው አስቀድሞ እንዲከፍል የሚል ነበር። ቴምብር ማለት የዚህ ክፍያ ደረሰኝ ነው።

በእኛ አገር የዚህ ነገር ትርጉም ከእንግሊዝ አገር የበለጠ ይመስለናል። ቴምብር የገዛ ሰው ገዢ ይሁን ባላገር፣ ደብዳቤውን የሚይዘው ሰው አይጠይቀውም። የራስ ደብዳቤና የገበሬ ደብዳቤ በአንድ ከረጢት ውስጥ ጎን ለጎን ይተኛሉ። በመንገዱም ዳር ድርጎ የሚጠየቅለት የለም። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በሥራ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከታተሙት ቴምብሮች ብዙዎቹ በደብዳቤ ላይ ሳይሆን በአውሮፓ ቴምብር ሰብሳቢዎች መዝገብ ውስጥ ተለጠፉ፤ የተላኩትን ደብዳቤዎችም ቢሆን በብዛት የሚልኩት በአዲስ አበባና በሐረር የተቀመጡት የውጭ አገር ሰዎችና ነጋዴዎች ነበሩ።

ለላስታ ሰው ሌላም ችግር ነበረበት። ግርሽ ከየት ያመጣል? በሰሜኑ ደጋ ገበያዎች ለረጅም ዘመን እንደ ገንዘብ የሠራው ከአፋር ሜዳ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው፤ ሰቆጣም የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። በአሞሌ ላም ይገዛል፣ እህል ይሸመታል፤ ቴምብር ግን አይገዛም። መንግሥት ለአገልግሎቱ ዋጋ ሲደነግግ በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ ያለው ሰው አስቦ ደነገገ፤ ገንዘቡ ወደ ደጋው እስኪወጣ ድረስ ዋጋው ርካሽ መሆኑ ለብዙው ሰው ምንም አልፈየደለትም።

ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ደብዳቤ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ሳትሆን የእርሷ ቴምብር ከድንበሯ ወዲያ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ የሚጽፍ ሰው የምኒልክን ቴምብር ለጥፎ፣ ከጅቡቲ ወዲያ ላለው መንገድ ደግሞ የፈረንሳይን የሱማሌ ጠረፍ ቴምብር ይጨምርበት ነበር፤ ማለት ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ የቀረው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ በገባች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ደንብ ለእኛም ሆነ፤ የአንድ ደብዳቤ መነሻ ሚዛን 20 ግራም፣ ዋጋውም 25 የወርቅ ሳንቲም። ያልተከፈለበት ወይም የጎደለበት ደብዳቤ በላዩ ላይ «ቲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ትመታበታለች፤ ተቀባዩም የጎደለውን እጥፍ አድርጎ ከፍሎ ይወስዳል። እኛ በዚህ ላይ ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ ያነሣው ነገር አሳቀን፤ የአባቶቻችን ደብዳቤ «ይድረስ» ብሎ ጀምሮ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎንና የከብቶችዎን ጤና ጠይቆ እስኪጨርስ ድረስ 20 ግራሙ የሚያልቅ ይመስላል።

የቃሉም ነገር ያስገርማል። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ የነበረው ጽሕፈት በእኛ ፊደል ብቻ ነው። ኋላ በ1893 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የሚለው በላቲን ፊደል ታተመባቸው፤ በተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ በአማርኛ «ቦስታ» የሚል፣ ቀጥሎም ከመልእክት የመጣ ቃል ታተመባቸው። መንግሥት ለአዲሱ ነገር ስም ሲፈልግ በቴምብሩ ላይ ማየት ይቻላል። በመጨረሻ ያሸነፈው ፖስታ ነው። «ቴምብር» ከፈረንሳይኛ፣ «ስልክ» ከዐረብኛ መጡ፤ ስልክ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው።

ስልክ ከተባለ ዘንድ፣ ወደ አገራችን የገባው ከቴምብር ብዙም ሳይርቅ ነው። ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጥተው በቤተ መንግሥት እንደታየ ይነገራል፤ ከካህናትም «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው የተቃወሙ ነበሩ ይባላል። አፄ ምኒልክ ግን አልሰሟቸውም። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ተዘረጋ። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ኢጣሊያኖች ከአዲስ አበባ በወሎ አቋርጦ እስከ አስመራ የሚደርሰውን የቴሌግራፍ መሥመር ሠርተው ጨረሱ። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፣ ዝንጀሮ ይወዛወዝበታል፣ ሽቦውንም ለጌጥ የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ቢሆንም ሠራ። ይህ ሽቦ የላስታን ደጋ ወደ ምዕራብ ትቶት ያለፈ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚም ሕዝቡ አልነበረም። ስልክ ንጉሡ ከየጠቅላይ ግዛቱ ገዢዎች ጋር የሚነጋገሩበት የአስተዳደር መሣሪያ ነበር፤ የግል ሰው ከፍሎ የሚናገርበት መሆን የቻለው ቀስ በቀስ ነው።

ቴሌግራም በቃል ቁጥር ይከፈልበታል። አማርኛ በዚህ ሒሳብ ሳንቲም ቆጣቢ ቋንቋ ነው፤ «አልመጣላችሁም» ብሎ አንድ ቃል የሚከፍል ሰው በሌላ ቋንቋ አራት ወይም አምስት ቃል ይከፍል ነበር።

ደንቦቹ በየጊዜው ጠበቅ እያሉ ሄዱ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የኢትዮጵያ ተወላጆችን የደብዳቤ ምስጢር ማንም እንዳይደፍር ደነገገ። የሚያስደንቀው፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም የደብዳቤንና የስልክን ምስጢር የሚጠብቀው በ26ኛው አንቀጽ መሆኑ ነው። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ በመጋቢት ወር 1934 ዓ.ም. ባለ 4፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ሳንቲም አዲስ ቴምብሮች ወጡ፤ በዚያው ወር ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ይህ ጋዜጣ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው፤ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር የነበረው አዋጅ ከዚያ ወዲህ በቁጥርና በገጽ የሚጠቀስ ሆኗልና። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሳንቲም ያለው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ቴምብሮችን በተርታ አስቀምጦ የሚያይ ሰው ግርሹን፣ መሐለቁንና ሳንቲሙን በየተራ ስለሚያገኝ የገንዘባችንንም ታሪክ ያነባል።

እስከዚያ ድረስ ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ስልክ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 131 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ስልክና ቴሌግራፍ ተለይተው ወጡ። ፖስታም በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የራሱን ሥርዓት አገኘ።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። አንድ የአሸተን ካህን አዲስ አበባ ላለ ልጃቸው በዚያ ዘመን ደብዳቤ ሊልኩ ቢያስቡ ምን ይከፍላሉ ብለን ቁጭ ብለን አሰብን። ቴምብሩ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ከአሸተን የሚላከውም ሆነ ከአዲስ አበባ ፒያሳ የሚላከው ወረቀት ሚዛኑ እኩል ከሆነ የሚለጠፍበት ቴምብር አይለይም። ፖስታ ቤት ግን በአሸተን የለም። ቁልቁል መውረድ፣ ሽቅብ መመለስ አለ፤ ይህም ግማሽ ቀን ይበላል። በአገራችን ፖስታ በየቤቱ አይታደልም፤ ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው፣ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤት ወይም በሚያውቀው ነጋዴ ሣጥን ይቀበላል። ስለዚህ መልሱ መጥቶ እንደሆነ ለመጠየቅ እንደገና መውረድ ያስፈልጋል፤ አልመጣም ከተባለም ሌላ ቀን። በአንድ ቴምብር ሦስት ጊዜ ዳገት ተወጣ ማለት ነው። ይህ ሒሳብ በየትኛውም የዋጋ ደንብ ላይ አልተጻፈም።

በሕዝብ ስልክ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይለያል። በአዲስ አበባ በየመንገዱ የቆመውና ሳንቲም እየተጨመረ የሚነገርበት ስልክ ለከተማ ሰው የተሠራ ነው፤ ሳንቲሙ ካለቀ ይቆረጣል፣ ከዚያ በላይ ጣጣ የለውም። ለገጠሩና ለትንሹ ከተማ ሰው ግን የሕዝብ ስልክ ማለት ስልክ ቤት ነው። ከመስኮቱ ኋላ ኦፕሬተር አለ፣ ከፊት ወረፋ አለ። የሚፈለገው ሰው ስልክ ከሌለው የጥሪ ወረቀት ይወጣለታል፤ «እገሌ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ቀርበው እንዲነጋገሩ» የሚል ነው። ይህ ወረቀት የስልክ ቢሆንም የሚጓዘው በእግር ነው። ወደ አሸተን የሚወጣ ሰው ካልተገኘ የቅዳሜን ገበያ ይጠብቃል፤ ከየተራራው ሰው ሁሉ ወደ ላሊበላ የሚወርደው ቅዳሜ ነውና። ልጁ ከአዲስ አበባ ለማክሰኞ ቀጥሮ ወረቀቱ ቅዳሜ ቢደርስ፣ በሽቦው ውስጥ በቅጽበት የሚሄደው ድምፅ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀጠራል።

የሩቅ ጥሪ የሚቆጠርበት መነሻ በብዙ አገር ሦስት ደቂቃ ነበር። ሦስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ በሰላምታ ልማዳችን የሚያውቅ ያውቀዋል። ላኪው በከፈለው ሦስት ደቂቃ ውስጥ አባት ከከብቱ እስከ ጎረቤቱ ደኅንነት ሲጠያየቅ ዋናው ጉዳይ ሳይነሣ ደቂቃው ይሞላል። ድምፁም ስለሚደክም ጮክ ብሎ መናገር ግድ ነው፤ በወረፋ ያለው ሁሉ የሰውየውን የቤት ጉዳይ ይሰማል። 26ኛው አንቀጽ ስለዚህኛው ምስጢር የሚለው ነገር የለም።

ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የገጠር ስልክ ሲያስፋፋ ያወጣው መለኪያ ማንኛውም የገጠር ነዋሪ ከ5 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ስልክ እንዲያገኝ የሚል ነበር። ይህን ውሳኔ እናመሰግናለን፤ መንግሥት የስልክን ዋጋ በሰው እርምጃ ጭምር ያሰበበት ነውና። ነገር ግን 5 ኪሎ ሜትር የሚለካው በካርታ ላይ ነው። በካርታ ላይ አሸተንና ላሊበላ እጅግ ቅርብ ናቸው፤ ከገዳሟ ላይ የቆመ ሰው የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ካርታው ገደሉን አያውቅም። በሜዳ አገር የሚኖር ሰው 5 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው፣ የእኛ ሰው ሁለቱን ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሲያጋምስ ነው።

በ1962 ዓ.ም. የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያለባቸው ቴምብሮች ታትመው ነበር፤ ዋጋቸው ከ5 ሳንቲም ጀምሮ እስከ 50 ሳንቲም ይደርሳል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከእነዚህ ውስጥ ነው። በዚህ ቴምብር አማካይነት ቤተ ክርስቲያናችን ባሕር ተሻግራ ሄዳለች፤ ደብዳቤ ልካ የማታውቅ የላስታ እናት ምስሏን በየቀኑ የምትስመው ደጅ እርሱ መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ በሩቅ አገር በመዝገቡ ላይ ለጥፎ ያየዋል። አሸተን ማርያም በእነዚያ ላይ የለችም።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የጥሪ ወረቀት ቀረ፣ የመንገድ ዳር የሕዝብ ስልክም ከሥራ ወጣ። የሞባይል ካርድን ግን ልብ ብሎ ላየው ሰው የቴምብር ወንድም ነው፤ ላኪው አስቀድሞ ከፍሎ በወረቀት ላይ ያለ ዋጋ ይገዛል፣ ዋጋውን በቁጥር ፍቆ ይጠቀምበታል። የሮውላንድ ሂል ሐሳብ መልኩን ለውጦ በኪሳችን ገባ። ካርዱን ለመግዛት የሚወረደው ዳገትም ለብዙ ጊዜ ያው ነበር።

ከሐምሌ ወር መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት የጦርነት ወራት ከተማችን ስልክ አልነበራትም። ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ሰው የዘመዱን ደኅንነት የሚሰማው ከሌላ አገር በእግሩ ከመጣ መንገደኛ አፍ ነበር፤ አደራ የሚለው ቃል ያን ጊዜ እንደ ጥንቱ ተነገረ። ወላጆቻችን በእነዚያ ወራት አንዲት «ደኅና ነኝ» የምትል ቃል ስንት ታወጣ እንደነበር ቢጠየቁ በብር የሚመልሱ አይመስለንም።

ሽቦ አልባው ስልክ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልን። ከላይ ያነሣነውንና በልብ ይኑር ያልነውን የእንግሊዝ ድኾች ዘዴ የላስታ ሰው ከማንም ሳይማር ደርሶበታል፤ ስሙ ሚስኮል ነው። አንድ የአሸተን ሰው ከዳገቱ ራስ ላይ ሆኖ ወደ ከተማ ይደውልና ሳይነሣ ይዘጋዋል። አንድ ጊዜ ከጮኸ «ወርጃለሁ፣ ጠብቁኝ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጮኸ «ዛሬ አልመጣም»። ሦስት ጊዜ የጮኸ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ብርቱ ነውና ሒሳብ ያለው ይደውልለታል።